ከመኪና ፊት የነበረችው ቃል

ሮዳስ ገምታ የማትደርስበት የቻይንኛ ቃል ገና አልተፈጠረም። ይህን የምትለው ራሷ ናት፤ ያውም ሳትጠየቅ።

ዛሬ ሆሳዕና መናኸሪያ ካፌ ውስጥ አስተናጋጅ መስላ ጠረጴዛ ትወለውላለች። የሐሰት የወባ መድኃኒት የሚነግደው ገብረወልድ ለሾፌሩ ወረቀት ከሳህን ሥር ትቶ ወጣ። ሁለቱም ቻይና ተምረው ስለመጡ የሚጻጻፉት በቻይንኛ ነው። ማን ያነበዋል ብለው!

ሳህኑን አነሳች። ፎቶ። ሳህኑን መለሰች።

ጓዳ ገብታ አነበበች። «ዛሬ»ን ታውቃለች። «መድኃኒት»ንም፣ «መኪና»ንም። ከመኪና ፊት ያለችውን ቃል ግን አይታት አታውቅም። ግራ ጎኗ ላይ ትንሽዬ የመኪና ምልክት ተለጥፋባታለች።

መኪና ላይ መኪና። ታዲያ ከባድ መኪና ነዋ!

ፎቶውን ለስለላ አለቃዋ ለወይዘሮ ገነቴ ላከችና ደወለች።

«ቆቅ ነኝ። መድኃኒቱ በጭነት መኪና ነው የሚሄደው።»

«እርግጠኛ ነሽ?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ ነኝ!»

«ጠብቂ።» ዘጉት። ቆይተው መልሰው ደወሉ። «ድንች አንጋጫ መንገድ ላይ ያስቁመው።»

ድንች ሙክታር ነው። የምስጢር ስሙን ያወጣችለት እሷ ናት፤ እስካሁን እንደተቀየማት ነው። ደውላ ነገረችው።

«አንቺ ልጅ፣ ብቻዬን ነኝ። በአላህ፣ ግምትሽ እንዳይሆን!»

«ወንድ አይደለህ እንዴ? አቁመው!»

ስልኩ አልተዘጋም። ጭነት መኪናው ሲቆም ሰማች። ብዙ እግር ከላዩ ሲዘል ሰማች።

«ሮዲ፣ መድኃኒት የለም! ሰው ነው የተጫነው፣ መሣሪያ...»

ተኩስ።

«ሙክታር?»

መስመሩ ተቋረጠ።

ወይዘሮ ገነቴ ከሰዓት መጡና ሻይ አዘዙ።

«መድኃኒቱን ሆመቾ ላይ ያዝነው። በቤት መኪና ነበር።»

«የቤት መኪና?»

«ያቺ ቃል የቤት መኪና ማለት ናት። መልሼ ከመደወሌ በፊት ሌላ ሰው አንብቦልኛል።»

«ታዲያ ሙክታርን ለምን ላኩት?»

«የገብረወልድ ታጣቂዎች ጭነት መኪናው ላይ መሆናቸውን አውቄ ነበር። መድኃኒቱ እስኪያዝ አንድ ሰው እዚያ እንዲያቆያቸው ፈለግሁ።»

«እንደሚሞት እያወቁ?»

ሻያቸውን ፉት አሉ።

ሽርጧን ፈታች። የአዲስ አበባ ትኬት አስጨበጧት፤ ላዩ ላይ ስሟ ትርፊት ይላል። ከእንግዲህ ሮዳስ የምትባል ልጅ የለችም። የሙክታር እናት ቤት ልቅሶ መድረስ እንኳ አትችልም።

አውቶቡሱ ደረጃ ላይ ዞር አለች።

«ቢሆንም እኮ፣ መኪና መሆኑን አውቄያለሁ።»

«መኪና መሆኑንማ ሙክታርም አይቶታል።»