ግማሽ ዙር

እኔ እንዲህ ያለ ወሬ አላምንም፣ አምኜም አላውቅም፣ ይህን አስቀድሜ ልንገራችሁና ከዚያ የፈለጋችሁትን በሉኝ። ወሎ ስናድግ የጂን ወሬ ሲነሳ ሌሎቹ ልጆች እናታቸው ጉያ ሲወሸቁ እኔ ነበርኩ የምስቀው፣ ካርቱም መጥቼ ሰው ቤት ስሠራም «እዚያ ቤት ውስጥ አንድ ነገር አለ» ተብሎ ሠራተኛ የሚሸሸውን ቤት እየገባሁ አጽድቼ ወጥቻለሁ። ይህ ግን በጠራራ ፀሐይ፣ በገዛ ዓይኔ ያየሁት ነው።

ዐማራት በሚባለው ሰፈር የምሠራበት ቤት የአንድ ሽማግሌ መሐንዲስ ነበር፣ ሱዳኖች መሐንዲስን ሲያከብሩ «ባሽሙሃንዲስ» ነው የሚሉት፣ እኔም እንደዚያው ነበር የምጠራቸው። ሚስታቸው ሞተዋል፣ ልጆቻቸው ውጭ አገር ናቸው፣ እኔና ልጄ ሰልማ ጓሮ ካለችው ክፍል እንኖር ነበር። የሰልማ አባት ሱዳናዊ ነው፣ ትቶን ከሄደ ቆይቷል፣ ቡሪ ሰፈር የምትኖረው እህቱ ግን ለልጅቷ ደግ ነበረች።

ባሽሙሃንዲስ አንድ ክፍል ሙሉ የድሮ የሒሳብ ማሽን ነበራቸው፣ ኮምፒውተር ከመምጣቱ በፊት ሰው በእጁ እያዞረ የሚያሰላባቸው የብረት ሳጥኖች። እኔ አቧራ ስጠርግ እሳቸው ወንበር ስበው ይተርኩልኛል፣ ፈረንሳይ አገር አንድ ጎረምሳ አባቱን የግብር ሒሳብ ሲያደክመው አይቶ ቢያዝንለት በብረት ጥርስ የሚዞር ማሽን ሠራለት፣ ሌላው እንግሊዛዊ ደግሞ ከሁሉ የሚበልጠውን እሠራለሁ ብሎ ዕድሜውን ፈጀ፣ ማሽኑ ሳያልቅ እሱ አለቀ፣ አንዲት ሴትም ለዚያው ላልተሠራ ማሽን ስሌት ጽፋ ሳታየው ሞተች። «ምስኪን፣ የማይመጣ ነገር ስትጠብቅ!» ብዬ ስቄ ነበር።

ሰልማ ከሁሉም የምትወደው ጥቁሩን ነበር። በጎኑ እጀታ አለው፣ ወደ ፊት አንድ ዙር ሲዞር ይደምራል፣ ወደ ኋላ ሲዞር ይቀንሳል፣ ቁጥሩ በጠባብ መስኮት ብቅ ይላል። አንድ አመል አለው፣ የተጀመረ ዙር ካላለቀ ይቆልፋል፣ መመለስ የለም፣ በጀመረበት አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሄደው።

በዚህ ላይ ጨዋታ ፈጠረች። ቤቱ ውስጥ ያለነው ሦስት ነንና ሦስት ሞላችበት፣ ከቤት የወጣ አንድ ይቀንሳል፣ ሲመለስ አንድ ይደምራል፣ ሁሉም የራሱን ራሱ ያዞራል፣ የሌላውን መንካት ክልክል ነው። እኛ አገር ደግሞ ሰው አይቆጠርም፣ ልጅማ ጭራሽ፣ እናት «ስንት ናቸው?» ስትባል እንኳ ቁጥር አትጠራም። በጂን ባላምንም ይህ ከአጥንቴ አልወጣልኝምና ተቆጣሁ።

«ያ ዘሐራ» ብለው ጠሩኝ ባሽሙሃንዲስ እየሳቁ፣ «ማሽኑ ምን ያውቃል? ለሱ አንቺም ሰልማም አንድ አንድ ጥርስ ናችሁ፣ ኸላስ፣ አለቀ።»

«እኔንስ ያስፈራኝ እሱ አይደል?» አልኳቸው።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የባሽሙሃንዲስ መድኃኒት አለቀ፣ ፋርማሲው ዝግ፣ መንገዱ ተኩስ፣ አንድ ጠዋት ሳይነሱ ቀሩ። መቃብር ቦታ መድረስ አልተቻለም፣ ጎረቤታችን ሐጃ በቱል ወንዶች ጠርተው እዚያው ግቢ ከኒም ዛፉ ሥር ቀበርናቸው። ሰልማ እያለቀሰች ገብታ እጀታውን ወደ ኋላ አዞረች።

«ጂዶ ራሱ ማዞር አይችልም፣ ዩማ» አለችኝ፣ እሳቸውን እንደ አያት ጂዶ፣ እኔን እናቷን ዩማ ነበር የምትለን።

ሁለት ቀረ።

ስልክ ጠፋ፣ ውሃ ጠፋ፣ አንድ ቀን ሰልማ ተነስታ ቡሪ አክስቴ ጋ ልሂድ፣ ከከተማ የሚያወጣ መኪና ካለ ልጠይቅ አለችኝ። እኔ ልሂድ ብላት «አንቺ ወረቀት የለሽም፣ ኬላው ላይ ይይዙሻል፣ እኔ የዚህ አገር ልጅ ነኝ። ከአስር ሶላት በፊት እመጣለሁ፣ ኢንሻአላህ» አለች። ስትወጣ የራሷን ቀነሰች። «ስመጣ እኔው እመልሰዋለሁ፣ እንዳትነኪው!»

የአስር ሶላት አለፈ፣ ፀሐይ ገብታ መግሪብ አለፈ፣ አልመጣችም። በማግስቱ የራሴን እንኳ ሳልቀንስ ቡሪ ድረስ በእግሬ ሄድኩ፣ የአክስቷ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ቤቱ ባዶ ነው፣ ልጄ ትድረስ አትድረስ የሚነግረኝ ሰው አጣሁ። ተመልሼ የማሽኖቹን ክፍል ቆለፍኩት፣ ቁልፉን አንገቴ ላይ አሰርኩት፣ በማሽኑ መስኮት ላይ የቀረችውን አንድ ቁጥር ማየት አቃተኝ።

ብዙ ቀን አለፈ። ከቀትር በኋላ ነው፣ ውሃ በጨርቅ እያጠለልኩ ነበር፣ ከዚያ ከተቆለፈው ክፍል ክርርር የሚል ድምፅ ሰማሁ። አይጥ ነው አልኩ፣ ግን እመኑኝ፣ የእጀታው ድምፅ አይጠፋኝም። ደግሞም አላለቀም፣ ዙር ሲያልቅ ቋ ብሎ ነው የሚቆመው፣ ይሄ መሃል ላይ ዝም አለ።

ከፍቼ ገባሁ። ማንም የለም፣ ወለሉን የሸፈነው አቧራ ላይ ዱካ የለም፣ መስኮቶቹ እንደተዘጉ ናቸው። ሁልጊዜ ወደ ታች የሚያርፈው እጀታ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቆሟል። አንድ ቁጥሯ ከማሽኑ መስኮት ሸሽታለች፣ የሚታየው ነጭ ሰረዝ ብቻ ነው። እጀታው ላይ ደግሞ አቧራው ተጠርጓል፣ በጣት፣ በቀጫጭን ጣት። እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ።

እስቲ አስቡት፣ ግማሽ ላይ ሲቆም ወደ ፊት ይሁን ወደ ኋላ አይታወቅም። ወደ ፊት ከሆነ ልጄ እየገባች ነው። ወደ ኋላ ከሆነ በቤቱ የቀረሁት እኔ ነኝ፣ የሚቀነሰው የኔ ነው፣ እሱስ ይሁን፣ ሞት ለኔ ብርቅ አይደለም፣ ግን እሷ አትመጣም ማለት ነው።

«ሰልማ!» ብዬ ጮህኩ።

በዚያው ሳምንት ሐጃ በቱል ሎሪ አግኝተው በር ላይ ቆሙ። «ያላ፣ ተነሽ እንሂድ፣ ያ ዘሐራ! ልጅሽ ቀድማሽ ወጥታ ይሆናል፣ እዚህ ምን ትጠብቂያለሽ?» አሉኝ። ምን ብዬ ልንገራቸው? አልሄድኩም።

ተኩሱ ቆሞ ሰው ወደ ሰፈሩ መመለስ ጀምሯል፣ ሐጃም ተመልሰዋል፣ ልጄ ግን የት እንዳለች የሚያውቅ እስከ ዛሬ የለም። ትንሽ ብገፋው ዙሩ ይሞላል፣ ቁርጤን አውቃለሁ። አልገፋውም፣ እንዳትነኪው ብላኛለች። በየቀኑ የአስር ሶላት ሰግጄ ክፍሉን እከፍታለሁ፣ ሳልጫነው እጄን ብቻ አሳርፍበታለሁ። ያ ክፍል ፀሐይ አይገባበትም፣ ሌሎቹ ማሽኖች ይቀዘቅዛሉ፣ ያ እጀታ ግን ሰው አሁን እንደለቀቀው ይሞቃል። የካርቱም ሙቀት ነው እላለሁ።