አራተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ሰባተኛ

«ይሄ አይደለም እኮ» አሉ አርቪድ።

ገና የመክፈቻው ሙዚቃ ሲጀምር ነው ያወቁት። የቴሌቪዥኑ ሰማያዊ ብርሃን ፊታቸው ላይ ይዋኛል፤ ዓይናቸው ግን ብርሃንን ከጥላ ከመለየት አልፎ ማየት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። «አራተኛው መደርደሪያ፣ ከግራ ሰባተኛው። የመርከቡ ፊልም እዚያ ነበር።» ባዶ አየር ላይ በጣታቸው ቆጠሩ። «ወይስ ስምንተኛው? ትናንትም እንዲሁ ሆንኩ።»

ማሪት ሶፋው ላይ ኩርምት አለች። የመርከቡ ፊልም ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው። እዚያ ያስቀመጠችው ራሷ ናት።

ዱሉት ከተማ ላይ በረዶ መጣል ከጀመረ ይኸው አራተኛ ቀኑ ነው። ትምህርት ቤት ተዘግቷል፤ መንገዱም ሐይቁም ሰማዩም አንድ ነጭ ሆነዋል። እናቷ ሥራ ስትሄድ ቤት የሚቀሩት የአሥራ አራት ዓመቷ ማሪትና አያቷ ብቻ ናቸው። በሁለተኛው ቀን አያቷ ከሰዓት ሲያሸልቡ በሳሎኑ መደርደሪያ ላይ ያሉትን ስድስት መቶ የፊልም ዲስኮች ስታይ ቆየች። የጦርነቱ ፊልም ከካርቱኑ ጎን፣ አስቂኙ ከአስፈሪው ጎን፤ ዝብርቅርቅ ያለ ነገር። ስለዚህ እያወረደች በፊደል ተራ ትደረድር፣ ርዕሱንና ዓመቱን ኮምፒውተር ላይ ትመዘግብ ጀመር። ሥራው እንደ ሕልም ይዟት ሄደ። ዲስኮቹን ስትወለውል ቀስተ ደመናቸው ጣሪያው ላይ ይንሸራተታል። ሲያልቅ አያቷን ልታስደንቃቸው ነበር። ማየት የማይችል ሰው የሚፈልገውን ፊልም እንዴት እንደሚያገኝ ግን አንድም ቀን ጠይቃ አታውቅም።

በሩ ተከፈተና እናቷ ሲግሪድ የጫማዋን በረዶ እያራገፈች ገባች። «ዛሬስ ምን እያያችሁ ነው?»

«ምንም» አሉ አርቪድ። «ጭንቅላቴ ከዳኝ መሰለኝ፣ ልጄ።»

የሲግሪድ ፈገግታ ከሰመ። ማሪትን ወደ ማዕድ ቤት ጠራቻት።

«ባለፈው ሳምንት ምድጃውን ሳያጠፉ ተኙ፤ አሁን ደግሞ ይሄ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «እኔ ቀኑን ሙሉ የለሁም። ከአረጋውያን መኖሪያው ክፍል አለን ብለውኛል። ልደውልላቸው ነው።»

«ፊልም ስለጠፋባቸው?»

«የትኛው የት እንዳለ ረስተው አያውቁማ፣ ማሪትዬ።»

ማሪት በበሩ በኩል ወደ መደርደሪያው አየች። አያቷ ሲተኙ ዲስኮቹን በድብቅ ወደ ቦታቸው ብትመልስስ? ግን ወዴት? የድሮውን ተራ የትም አልጻፈችውም።

ወደ ሳሎን ተመልሳ ከወንበራቸው ሥር ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለች።

«አባባ፣ እርስዎ አልረሱም። እኔ ነኝ ያዘዋወርኳቸው።»

አርቪድ ቴሌቪዥኑን አጠፉ።

«ሁለት ቀን ሙሉ የጎረቤቶቻችንን ስም ለራሴ ስቆጥር ነበር» አሉ። «ነገ የሶልቬግም ድምፅ ይጠፋኝ ይሆን እያልኩ።»

ሶልቬግ የሞቱት ሴት አያቷ ናቸው። ማሪት ወደ ወንበራቸው ተጠጋች። «በፊደል ተራ ቢሆን ደስ የሚልዎት መስሎኝ ነው...»

«በፊደል!» ሳቃቸው ሳያስቡት አመለጣቸው። «አንቺ ልጅ፣ ልታሳብጂኝ ነበር እኮ! አያትሽ ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ አንድ ይዛ ትመጣ ነበር። ተራቸው የመጡበት ተራ ነው። የመርከቡን ያመጣችው ውሃው በረዶ የሆነውን ወደብ በእግሯ ተሻግራ፤ በቀይ ኮቷ፣ ቅንድቧ ነጭ ሆኖ። ካርቱኑ አንቺ የተወለድሽ ሳምንት ነው።»

«የጦርነቱስ?»

«እኔና እሷ የተኮራረፍን ሳምንት።»

ማሪት ኮምፒውተሩን ጭኗ ላይ አድርጋ ከርዕሶቹ ጎን አዲስ ረድፍ ከፈተች። «እሺ፣ ከዚያስ?» አለች። አያቷ ዓይናቸውን ጨፍነው ቅዳሜዎቹን አንድ በአንድ ይጠሩ ጀመር። በመስኮቱ ማዶ በረዶው ያለ ድምፅ ይወርዳል። ማሪት አንዳንዴ መጻፉን ረስታ፣ በማታውቃቸው ዓመታት ውስጥ የምትመላለሰውን ቀይ ኮት የለበሰች ሴት ብቻ ታያለች።

«ለእናትሽ አልነግርብሽም» አሉ አርቪድ መሐል ላይ፣ ጸጉሯን እየዳበሱ። «የእኔና ያንቺ ነው።»

ከማዕድ ቤት የሲግሪድ ድምፅ ተሰማ። «ጤና ይስጥልኝ፤ ስለ አባቴ ነበር የደወልኩት...»

ማሪት ኮምፒውተሩን ምንጣፉ ላይ አስቀምጣ ተነሣች፤ ሄዳም የማዕድ ቤቱን በር ከፈተች።

«እማዬ» አለች፤ «ቆይ፣ አንዴ ስሚኝ።»