የዘጠኙ አይጦች ነገር

«ራሱን ነው ያጠፋው አልኩ እኮ! ካላመኑኝ ዘበኛውን ልሰረው፤ ሻዩን ያመጣው እሱ ነው።»

«ሃምሳ አለቃ ካዳም፣ አትጩህብኝ። ኑዛዜውን ድገመው» አለች ኢንስፔክተር ኡርሚላ።

ካዳም ከሟቹ ኮምፒውተር ላይ አነበበ። «በራሳችን ፈቃድ ለመሞት ወስነናል። ማንም ተጠያቂ አይደለም።»

ሱሃስ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ደርቋል። ሻዩ ውስጥ ለአይጥ የሚሰጥ መርዝ ተገኝቷል። ትናንት በምሳ ሰዓት የሞተ ሰውዬ የተገኘው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ያውም ሰው ተራርቆ በማይሄድባት ከተማ፣ ፑኔ!

የሱሃስ ሥራ ማጣራት ነበር። ሳይንቲስቶች ጥናታቸውን ሳይታተም ኢንተርኔት ላይ ይለጥፋሉ፤ አንድ ማሽን ያበጥረዋል። አይጦቹ በዕጣ ተመደቡ ወይ? መረጃው ለሰው ክፍት ነው ወይ? ማሽኑ ያለፈውን ሱሃስ በዓይኑ ይለቅማል። ስድስት ዓመት ከማሽኑ በቀር የሚያጫውተው አልነበረውም።

ዘበኛው ባባን እንባው ይወርዳል። «እትዬ፣ ሻዩን አስቀምጬ ወጣሁ። ሦስት ልጆች አሉኝ፣ አይሰሩኝ።»

«መጻፍ ትችላለህ?»

«ስሜን። እሱንም ፊደል እየዘለልኩ።»

ማሽኑን የሠራችው ናሊኒ ዓይኗን ከመሬት አላነሳችም። «ከሰዓት ሁለቴ አለፍኩት። ደህና ዋልክ አልኩት፣ ዝም አለ። ሁሌም ዝም ነው የሚለው እኮ!»

«ትናንት ምን ስትሠሪ ዋልሽ?»

«ማሽኔን ሳክም። ብቻዬን በላሁ፣ ቤቴ ሄድኩ።»

የአይጥ ተመራማሪው ዶክተር ጂቴንድራ ከፎቅ ወረደ፤ የመድኃኒት ቁምሳጥኑን ቁልፍ አንገቱ ላይ እንደ ሜዳሊያ አንጠልጥሏል።

«ከሱሃስ ጋር ጠብ ነበረዎት?»

«ኧረ በጭራሽ! ማሽኑ ጽሑፌን አሳልፎታል።»

«ትናንትስ?»

«አይጦቹን መዘንን፣ ውጤቱን አየን፣ ምሳችንን በላን።»

«ከማን ጋር?»

«ብቻዬን» አለ፣ ጥያቄው ገርሞት።

ኡርሚላ የሟቹን መሳቢያ በረበረች። ከጂቴንድራ ጽሑፍ ዳር ላይ በእርሳስ «አርባ አይጥ ገባ፣ ሠላሳ አንድ ተቆጠረ። ዘጠኙስ የት ገቡ? ነገ ይለጠፍ» ይላል። ማሽን ምስኪን ነው፤ «መረጃው አለ» ካሉት ያምናል። አይጥ አይቆጥርም።

ሁሉንም ወንበሩ ዙሪያ ሰበሰበቻቸው።

«ሱሃስ ራሱን አላጠፋም።»

ባባን መሬት ላይ ዘፍ አለ።

«ተነስ፣ አንተም አይደለህም። ኑዛዜው ‹ወስነናል› ይላል። ካዳም፣ ከሱሃስ ጋር ማን ወሰነ?»

«ለራሱ አክብሮት ሰጥቶ ይሆናላ!»

«የስድስት ዓመት ጽሑፉን አገላበጥኩ፤ አንድም ‹እኛ› የለበትም። ከማን ጋር ሆኖ ይበል? ባባን ስሙን እንኳ አይጨርስም። ናሊኒ ብቻዋን በልታ ‹በላሁ› ነው ያለችው። ሳይንቲስት ግን ብቻውን ሠርቶም ‹አየን፣ መዘንን› ብሎ ይጽፋል፤ አንዱ ልማዱ ምላሱ ድረስ ወጥቶበታል። ምሳህን እንኳ በብዙ ቁጥር ነው የምትበላው፣ ዶክተር! ዘጠኙን አይጦች ዛሬ ሊያወጣብህ ነበር። መርዙ ያለበት ቁምሳጥን ቁልፍም አንገትህ ላይ ነው።»

ጂቴንድራ ቁልፉን ጨበጠ።

ካዳም ካቴናውን እየፈታ ተናደደ። «ለአንዲት ወረቀት ሰው ትገድላለህ? ደግሞ ማን ሊያነብልህ!»

«እሱ አነበበው እኮ!» አለ ጂቴንድራ፣ ወደ ሱሃስ ወንበር እያየ።