ከመደርደሪያው ሥር የተቋጠሩት ትሎች

ዶክተር ዚቭ እስራኤል ውስጥ ሬሖቮት ከተማ ባለው አነስተኛ ቤተ ሙከራው ወለል ላይ፣ አናቱ ተፈንክቶ ሞቶ ተገኘ። የኩሬ ትሎች የሚያረባበት ሳፋ አጠገቡ ተገልብጧል። ወለሉ ውሃ በውሃ ሆኗል።

መርማሪዋ አድቫ ጠዋት ስትደርስ፣ ፖሊሶች አዛውንቱን የጽዳት ሠራተኛ መኩሪያን በር ላይ አቁመዋቸው ነበር።

«ሳፋው ሲወድቅ ሰምቼ ሮጬ ገባሁ» አላት የዚቭ ባልደረባ ኤሊያቭ። «አሁን ጠዋት፣ ለፖሊስ ከመደወሌ ጥቂት ቀደም ብሎ ነው። ሕንፃው ውስጥ ከሽማግሌው በቀር ሰው አልነበረም።»

«እኔ ፎቁን እየወለወልሁ ነበር፣ ልጄ» አሉ መኩሪያ። «ማታም ቤኤር ያዕቆብ ከተማ የእህቴ ልጅ ሠርግ ላይ ነው ያደርሁት።»

«ቤሰደር፣ እሺ አባ፣ ይቀመጡ።»

አድቫ ተንበረከከች። ከመደርደሪያው ሥር፣ ውሃው ያልደረሰበት ጥግ ላይ፣ እንደ ክር ልቃቂት የተጠቀለለ ጥቁር ነገር አየች። በእስክሪብቶ ነካችው። ላዩ ደርቋል፤ ውስጡ ግን ይላወሳል።

የዚቭን ተማሪ ኖጋን አስጠራች። ልጅቱ ሐይፋ ወላጆቿ ቤት አድራ ገና ከባቡር መውረዷ ነው።

«ለምንድን ነው የተጠላለፉት?»

«ውሃ ሲያጡ እንዲህ ያደርጋሉ። ለብቻው የቀረ ትል ቶሎ ይደርቃል። ሲቋጠሩ ግን የውስጦቹ የሰውነታቸውን ውሃ ይዘው ይቆያሉ።»

«ላያቸው እንዲህ እስኪደርቅስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?»

ኖጋ ጎንበስ ብላ አየቻቸው። «እነዚህ እዚህ አድረዋል» አለች።

አድቫ ኤሊያቭን፣ አባ መኩሪያንና ኖጋን አንድ ላይ አስቀመጠቻቸው።

«ሳፋው አሁን ወድቆ ቢሆን፣ ትሎቹን እርጥብና የተበተኑ ሆነው ባገኘኋቸው። የተገለበጠው ትናንት ማታ ነው። የትናንቱ ውሃ ደርቋል፤ ይሄ ወለሉ ላይ ያለው ዛሬ የተደፋ ነው። የደፋው ሞቱን የዛሬ ለማስመሰል የፈለገ ሰው ነው። ኖጋ ሐይፋ፣ አባ መኩሪያ ሠርግ ላይ ነበሩ። ሲወድቅ ሰማሁ ያልከኝ አንተ ነህ፣ ኤሊያቭ።»

ኤሊያቭ አንገቱን ደፋ።

«የሙከራውን ውጤት እንደለወጥኩ ደረሰበት። ለሁሉም እናገራለሁ አለኝ። ገፋሁት፤ የጠረጴዛው ጠርዝ መታው።»

«ሞቶ ነው ትተኸው የሄድከው?»

«ይተነፍስ ነበር» አለ ቀና ሳይል።

ኖጋ ፊቷን በእጆቿ ሸፈነች። አባ መኩሪያ ከወንበራቸው ተነሥተው አጠገቧ ተቀመጡ። ፖሊሶቹ ኤሊያቭን ይዘው ሲወጡም እሳቸው ቀና ብለው አላዩትም።