ፎቅ የሌለው ደረጃ

ሬሳው የተገኘው ከሳሎኑ ጀርባ ነው። ሳሎን ይባል እንጂ ሦስት ግድግዳ ብቻ ነበረው፤ በአራተኛው በኩል ካሜራ ይቆምበታል። በቀኝ በኩል አሥራ ሁለት ደረጃ ወደ አንድ በር ይወጣል፤ ከበሩ ኋላ ግን መኝታ ቤት የለም። አንድ ሰው የሚያስተኛ የእንጨት ርብራብና መውረጃ መሰላል ብቻ ነው ያለው። ዛሬ ርብራቡም አልነበረም። ሰውየው ሲሚንቶው ላይ በግንባሩ ተደፍቷል።

ሟቹ በቴሌቪዥን «አባት» ሆኖ የሚሠራው ተዋናይ ነው። «ጣሪያው ሲያፈስ» የተባለው አስቂኝ ድራማ ሲነካከስ ውሎ ሲነካከስ የሚያድር ቤተሰብ ያሳያል። ሰባት ሳምንት ታየና ጣቢያው ይበቃል አለ፤ ዛሬ የሚቀረጸው ስምንተኛው ክፍል የመጨረሻው ነበር። ሁሉም ክፍል የሚያልቀው በአንድ ዓይነት ነው። አባት ተቆጥቶ ደረጃውን ይወጣል፣ በሩ ድው ብሎ ይዘጋል፣ ከደረጃው አጠገብ የተሰቀለው የቤተሰቡ ፎቶ ይዘማል፣ እናት ሄዳ ታቃናዋለች። ከዚያ የተቀዳ ሳቅ ይለቀቃል። ተመልካቹ ባይስቅም ሳቁ አይቀርም።

መርማሪው ሠላሳ ዓመት በሥራው ላይ የቆየ፣ ትናንት የተቀጠረ ባለዲግሪ ሁሉ በላዩ ላይ አለቃ ሲሆን ያየ ሰው ነው። ዲፕሎማ የለውማ። ከኋላው «ቀስ በቀስ» ይሉታል፤ እንቁላሉ በእግሩ ሲሄድ ለማየት የታገሠ ግን የለም።

አለቃው በስልክ ቸኩሏል። «አናጺው ርብራቡን ፈታ፣ ሰውየው ወደቀ። ሌላ ምን ትፈልጋለህ? ሳይመሽ አስገባልኝ!»

አናጺው እጁ በካቴና ታስሮ የመሣሪያ ሣጥኑ ላይ ተቀምጧል። ይህን ሁሉ ቤት በእጁ ያቆመ ሰው ነው፤ ስሙን የጠየቀው ግን አልነበረም። «መዶሻ» ነው የሚሉት። ያ የቤተሰብ ፎቶ ሲነሳ መብራት ያዝ ተብሎ ቆሟል። አንተም ና ግባ ያለው የለም።

«አንተ ነህ የፈታኸው?»

«እኔ ነኝ።»

«ማን አዘዘህ?»

አናጺው ፊቱን ወደ ደረጃው አዞረ።

«እሺ፣ እዚህ ቤት ትእዛዝ የሚመጣው በማን ነው?»

«ባላፊ አግዳሚው። አዘጋጁ ላንዱ ይነግራል፣ ያኛው ለኔ። ‹ይሄ አልቋል፣ አፍርስ› ይሉኛል፣ አፈርሳለሁ። መዶሻ ምን ብሎ ይጠይቃል?»

«ዛሬስ?»

«ዛሬም እንደዚያው። የነገረኝን ሰው ግን አልናገርም። ተሳስቶ ነው፤ ሰው አይሳሳትም?»

«ዓመታት ያስፈርድብሃል እኮ፣ ወዳጄ።»

«ይፍረዱ። እኔ ምልክቴን አድርጌያለሁ። ኋላው ባዶ የሆነ በር ላይ በጠመኔ ትልቅ ኤክስ አደርጋለሁ፤ ሃያ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ነው። ይህን የማያውቅ የለም። ዛሬም አድርጌ ነው ምሳ የወጣሁት።»

መርማሪው ደረጃውን ወጣ። በሩ ላይ ኤክስ የለም። ቦታው ግን ተጠርጓል፤ የጠረገውም ነገር የቆዳ ቀለም ያለው ዱቄት ትቶ ሄዷል። በጣቱ ነክቶ አሸተተው። የፊት ፓውደር ነው። በሩን ገፍቶ ወደ ጨለማው ቁልቁል አየና ለቀቀው። በሩን መልሶ የሚዘጋው ሞላ ድው አደረገው። እታች ፎቶው ዘመመ።

መርማሪው ፎቶውን ትክ ብሎ አየው። እሱ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ነበር።

ሬሳውን ያገኘው አዘጋጁ ነው። ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ የበታቹን ሲያናግር ስልኩን የሚያይ ዓይነት።

«አፍርስ ያልኩት የለም» አለ። «የደረጃው ትዕይንት ገና ከሰዓት በኋላ ነበር የሚቀረጸው።»

«ታዲያ ሟቹ በምሳ ሰዓት ምን ሊሠራ ወጣ?»

«ሊተኛ። ካፖርቱን ተንተርሶ ርብራቡ ላይ ሸለብ ያደርገዋል። ዛሬ ከጣቢያው ኃላፊ ጋር ሲያወራ ቆይቶ ነው የመጣው። እዚያ እንደሚተኛ የምናውቀው እኔ፣ ደራሲውና እናት ነን። መዶሻ ምሳውን ውጭ ስለሚበላ አያውቅም።»

«ሬሳውን ስታየው በሳሎኑ በኩል ነው የመጣኸው?»

«በኋላ በር ነው። ሳሎኑን ማንም እንዳይረግጥ ወዲያው ጥበቃ አቆምኩ።»

ደራሲው መነጽሩን ሲወለውል ተገኘ። መርማሪው ከሟቹ ካፖርት ኪስ የወጣ ጽሑፍ ዘረጋለት። የመጀመሪያው መስመር ‹አባት፦ እናታችሁን ቀበርናት፤ ቤቱ ዛሬ ገና ጸጥ አለ› ይላል። ከሥሩ ‹ሳቅ› ተብሎ ተጽፏል።

«አዲሱ ድራማ ነው» አለ ደራሲው። «እናት ከወጣች ይቀጥላል ብሎ ጣቢያውን ያሳመነው ሟቹ ነው። እኔ ጻፍ የተባልኩትን ጻፍኩ እንጂ...»

«እሷ ታውቃለች?»

«ሳንነግራት ልናልፈው ነበር። ግን... ትናንት ከቦርሳዬ አንድ ቅጂ ጠፍቶብኛል።»

እናት ሆና የምትሠራው ተዋናይት መስተዋት ፊት ተቀምጣለች።

«በእረፍቱ የት ነበሩ፣ እመቤቴ?»

«እዚሁ መዋቢያ ክፍል። ጩኸት እስክሰማ አልወጣሁም። ሳሎኑንም ከጠዋት ወዲህ አልረገጥኩም።»

«አናጺውን ያውቁታል?»

«ወንድም ጋሼን? እንዴት ያለ ሰው መሰለህ! የዚህ ቤት ምሰሶ እኮ እሱ ነው።»

መርማሪው ቀና ብሎ አያት። ያን ሰው እንደ ሰው የጠራ ሲሰማ የመጀመሪያው ነበር።

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉንም ሳሎኑ ውስጥ ሰበሰበ፤ አናጺውም ከነካቴናው መጣ። ፎቶውን በእጁ አቀና፣ ደረጃውን ወጣ፣ በሩን ገፍቶ ለቀቀ። ድው! ፎቶው ዘመመ። መርማሪው ዞሮም አላየው፤ እየወረደ መናገር ጀመረ።

«አፍርስ ያለው ሰው ሟቹ እዚያ እንደሚተኛ ያውቃል። በለመደው እግሩ ጨለማው ውስጥ ዘው እንደሚልም ያውቃል። ያስፈራው የአናጺው ምልክት ብቻ ነው፤ እሱን በያዘው የፓውደር ስፖንጅ ጠረገው። ሟቹ ገባ፣ ወደቀ፣ በሩ ድው አለ፣ ፎቶው ዘመመ። እኔ ስመጣ ግን ፎቶው ቀጥ ብሏል። አዘጋጁ በሳሎኑ አልመጣም፤ ከዚያ ወዲያ ጥበቃ ቆሟል። እንግዲህ ከውድቀቱ በኋላ አንድ ሰው መሞቱን ሊያረጋግጥ በዚህ አልፏል። ሰው ገድሎ የሚሸሽ ሰው ደግሞ ቆሞ ፎቶ አያቃናም። ካቃና እጁ ነው እንጂ ልቡ አላዘዘውም።»

ንግግሩን አቆመ። የሚሰማው አልነበረም። ሁሉም የሚያዩት እናትን ነው። ከሶፋው ተነስታ፣ ግድግዳው ጋ ቆማ፣ ፎቶውን በሁለት ጣቷ እያቃናች ነበር።

ጸጥታው አነቃት። እጇን የሌላ ሰው እጅ ይመስል አየችው።

«በመጀመሪያው መስመር ቀበሩኝ» አለች። «አሥራ ሁለት ዓመት ነይ የሚለኝ አጥቼ ቁጭ ብዬ፣ ገና ሰው ሲያውቀኝ... ቀብረውኝ ሳቅ አስገቡበት!»

ደራሲው መነጽሩን አወለቀ። የሚወለውልበት ግን ጠፋው።

መርማሪው የአናጺውን ካቴና ፈታ። «የነገረችህ እሷ ናት አይደል? ለምን ዝም አልክ?»

አናጺው የመለሰው ለእሷ ነው። «መልእክት ተሳስተሽ ያደረስሽ መስሎኝ ነው የተሸከምኩልሽ። ምልክቴን የጠረግሽው አንቺ ነሽ?»

«ድንገተኛ አደጋ ነው ይላሉ ብዬ ነበር... ወንድም ጋሼ—»

«እንደነሱ መዶሻ በይኝ።»

እጁን እያሻሸ ወደ ግድግዳው ሄደ። ፎቶውን አውርዶ ሶፋው ላይ በፊቱ ደፋው፤ ሚስማሩን በጉጠት ይነቅል ጀመር።

«አንተ መዶሻ፣ የጣቢያው ንብረት ነው!» አለ አዘጋጁ።

መርማሪው ያላየ መሰለ።

«ሚስማሩ የኔ ነው» አለ አናጺው፤ ኪሱ ከቶት ወጣ።