ሦስተኛው ቦክስ

ስልኩ ጮኸ።

መርዕድ የሚደውለው ማን እንደሆነ ያውቃል። ጋሼ አባይነህ አያውቁም።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ሞቃቱ የተራራ ነፋስ ተነሥቶ ካልጋሪ፣ ማርቲንዴል ሰፈር ውስጥ በረዶው ከየጣሪያው ይንጠባጠባል። ጋሼ አባይነህ የታክሲ ሺፍታቸውን ጨርሰው ሶፋው ላይ ጋደም ብለዋል። ባለቤታቸው እትዬ ሸዋወርቅ ወጥ ቤት ሽንኩርት ይከትፋሉ። ከምድር በታች ባለው ቤዝመንታቸው ውስጥ የሚኖረው፣ የሳተላይት ዲሽ በመስቀል የሚተዳደረው መርዕድ ደግሞ ከቴሌቪዥኑ ሥር ተንበርክኮ ኬብል ያጠብቃል።

ኬብሉ ምንም አልሆነም።

«ሄሎ? የስ... የስ፣ ስፒኪንግ» አሉ ጋሼ አባይነህ። ፊታቸው ቀስ በቀስ ተለወጠ።

ደዋይዋ ከሳተላይት ኩባንያው ነኝ አለች። በእርስዎ አካውንት ሦስት ቦክሶች አሉ፤ አንዳቸውም ከቤት ስልክ መስመር ጋር አልተገናኙም። ሦስቱም በአንድ ቤት መኖራቸውን ማረጋገጥ አለብን። በየስክሪኑ ላይ የሚታየውን ቁጥር ጽፈው ይጠብቁኝ፤ ትንሽ ቆይቼ እደውላለሁ። ካልሆነ ሁሉም ይዘጋል።

«ኦል ኢን ማይ ሃውስ» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ሰለለ። «ሁሉም እቤቴ ናቸው።»

ውሸት ነበር።

ቦክሶቹ ፕሮግራም እየቀዱ የሚያስቀምጡ ዘመናዊ ሪሲቨሮች ናቸው። ኩባንያው ከቤት ስልክ ጋር እንዲገናኙ ይፈልጋል፤ በመስመሩ እየደወሉ የት እንዳሉ ይናገራሉና። ግን ዘመኑ የነዳጅ ሥራ የደራበት ነው። ካልጋሪ በሰው ተጨናንቃለች፤ ግማሹ ሰው የሚኖረው በሰው ቤዝመንት ነው፤ የቤት ስልክ የሚያስገባም የለም። ስለዚህ ጋሼ አባይነህ በስማቸው አንድ አካውንት አወጡና ቦክሶቹን አከፋፈሉ። አንዱ እሳቸው ዘንድ ነው። ሁለተኛው ፔንብሩክ ሜዶውስ ሰፈር፣ በአንድ ታክሲ እየተፈራረቁ አብረዋቸው የሚሠሩት ሳልህ ቤት። ሦስተኛው የት እንዳለ ማንም አያነሣም።

መርዕድ የተላከው ለሦስተኛው ነው።

ደዋይዋ የኩባንያው ሰው አይደለችም። ማትያስ የቀጠራት ፈረንጅ ናት። ማትያስ ደግሞ አገር ቤት ያለ አንድ በሩ ላይ ስም ያልተጻፈበት የስለላ ቢሮ ካልጋሪ ያስቀመጠው ሰው ነው። መርዕድ በስልክ «አጎቴ» ይለዋል። እሱ መርዕድን «ሽቦ» ይለዋል።

ዘዴው ቀላል ነበር። ስልክ ላለው ሰው ይደወልለታል። ስልክ የሌለው ቤት ግን የግድ በእግር ይኬዳል። እዚያ ቤት ውስጥ ቢሮው «ቆቅ» የሚላት ሴት አለች።

ቆቅ አገር ቤት የወህኒ ቤት ነርስ ነበረች። እዚያ ማን እንዴት እንደሞተ አይታለች። በመጪው ሳምንት ኦታዋ ሄዳ ለመርማሪዎች ቃሏን ልትሰጥ ነው። ቢሮው ከዚያ በፊት ዝም ሊያሰኛት ይፈልጋል። እንዴት አድርጎ? መርዕድ አልጠየቀም። አለመጠየቁ ራሱ ያሳፍረዋል።

ክፍያው ወንድሙ ነው። የሺዋስ አገር ቤት ታስሯል። ቆቅን አግኝ፣ የሺዋስ ይፈታል ተብሏል።

«ስለ ወንድምህ ለማንም እንዳትናገር» ብሎት ነበር ማትያስ። ግን አንድ እሑድ ጋሼ አባይነህ ለጸሎት እጃቸውን ትከሻው ላይ ሲያሳርፉ አፉ ከዳው። ከዚያ ወዲህ ጉባኤው ሁሉ የሺዋስን በስሙ እየጠራ ይጸልያል። እትዬ ሸዋወርቅ በየቅዳሜው ይጾሙለታል።

እሱ ግን ያጎረሰውን እጅ ሊነክስ ተንበርክኳል።

«አይሹ፣ እስቲ ቲቪው ላይ ያለውን ቁጥር አንብቢልኝ» አሉ ጋሼ፣ ለሳልህ ሚስት ደውለው። የቤታቸውንም ጻፉ። ከዚያ ቆመው ቀሩ። መኪናው ሳልህ እጅ ነው።

«ምን ሆኑ ጋሼ?» አለ መርዕድ። ጥያቄውን ሲለማመደው ሰንብቷል።

«አንድ ቤት መሄድ ነበረብኝ። ስልክ የላትም።»

«እኔ አደርስዎታለሁ።»

ዓይን ዓይኑን አዩት። «ልጄ፣ የምታየውን ለሰው አትናገር።»

«አልናገርም።»

ሁለተኛው ውሸት።

በመርዕድ መኪና ተነሡ። ታራዴል ሰፈር ሲቃረቡ ጋሼ አባይነህ በረጅሙ ተነፈሱ።

«ዋሸሁ እኮ።»

«ለሰው ብለው ነው ጋሼ።»

«ዋሾ ሁሉ እንዲያ ይላል። የጉባኤ ሽማግሌ ነኝ። መድረክ ላይ ቆሜ አትዋሹ እላለሁ። ለቲቪ! አየህ? ለቲቪ ብዬ!» ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። «ነገ ጉባኤው ፊት እናዘዛለሁ። ሁለተኛ ውሸት ከአፌ አይወጣም።»

መርዕድ መሪውን አጥብቆ ያዘ። ጆሮው ድረስ ጋለ። ሰውየው በዚህች ካፈሩ እሱ የት ይግባ?

ጋሼ አባይነህ የቤዝመንቱን መስኮት በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ። የጎን በሩ ተከፈተ።

ቆቅ ከሲታ ሴት ናት። ወፍራም ሹራብ ለብሳለች። ከኋላዋ ቴሌቪዥኑ ድምፁ ጠፍቶ ይበራል።

«ማን ነው እሱ?»

«የኛው ልጅ ነው፣ ሮማነወርቅ። ቁጥሩን ለማየት ነው የመጣነው። ወንድሙ የታሰረበት፣ ነግሬሽ የለ? የሺዋስ።»

ሴትዮዋ ከበሩ አልተንቀሳቀሰችም። የመርዕድን ፊት ትክ ብላ አየች።

«ወንድምህ» አለች፣ «ግራ እጁ ላይ መጋዝ የቆረጠው ጣት አለ?»

መርዕድ ራሱን በአዎንታ ነቀነቀ። ይህን ከቤተሰብ በቀር የሚያውቅ የለም።

«ግባ። ተቀመጥ።»

አልተቀመጠም።

«ሰኔ ላይ፣ በክረምቱ መግቢያ ነው ያረፈው። እጄ ላይ ነው። ብቻውን አልነበረም፤ ይህን ልንገርህ። ኦታዋ ስሄድ ከምጠራቸው ስሞች አንዱ የሱ ነው።»

በክረምቱ መግቢያ። ማትያስ መርዕድን ያገኘው መስከረም ጠብቶ ነው። የሞተ ሰው ሊፈቱለት ነበር የተዋዋሉት። ምስክሩን የሚያጠፋላቸውም የሟቹ ወንድም።

መርዕድ ግድግዳውን ተደገፈ። ማልቀስ አማረው። ለማልቀስ ግን መብት ያለው አልመሰለው።

በትንሿ መስኮት የመኪና ጎማ ታየ። ግራጫ ፒክአፕ።

ማትያስ።

ሩቅ ቆሞ ስልክ ሊጠብቅ ነበር ስምምነቱ። ሌባ እናት ልጇን አታምንም፤ ተከትሎት መጥቷል።

«ጋሼ» አለ መርዕድ። «የደወለችው ሴት ከኩባንያው አይደለችም።»

«እና ከየት ናት?»

«ከኔ ጋር ናት። እሷን ላገኝ ነው እቤትዎ የገባሁት። ውጭ የቆመው ሰው አለቃዬ ነው።»

ሮማነወርቅ አፏን ያዘች። ጋሼ አባይነህ ግን አልጮሁም። ቢጮሁ፣ በጥፊ ቢሉት በወደደ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አሉ።

«ሸዋወርቅ ዛሬም ጾማለች» አሉ።

መርዕድ ዕድሜ ልኩን ከሰማቸው ስድቦች ሁሉ ይቺ ትከብዳለች።

«ለሳልህ ኮል ያድርጉለት። በጀርባው መንገድ ይምጣና ይውሰዳት። የት እንደምትሄድ ለኔም ቢሆን አይንገሩኝ። ሰውየውን እኔ እይዘዋለሁ።»

የቦክሱን ኬብሎች ነቀለ። ታቀፈው። ሪሲቨር የታቀፈን ቴክኒሻን ማንም ከየት መጣህ አይልም። በሩ ላይ ዞር አለ።

ወጣ።

ፒክአፑ ውስጥ ገብቶ በሩን ዘጋ።

«የት ናት?» አለ ማትያስ።

«ሺፍት ላይ። ደቡብ፣ አንድ የአረጋውያን መጦሪያ ነው የምትሠራው። ሽማግሌው ቁጥር እየጻፈ ነው።»

«ሳጥኑ ምንድን ነው?»

«መግቢያዬ። ቲቪ ልጠግን መጣሁ እላለሁ።»

ማትያስ ሳቀ። «ተምረሃል አንተ!»

መኪናው ተነሣ። መርዕድ ወደ ኋላ አላየም።

ረጅም መንገድ ነው። መሐል ከተማው ላይ የግንባታ ክሬኖቹ ተደርድረዋል። ከተማው ሰማይ ሊነካ ይጣደፋል።

«የሺዋስን አነጋገርከው?» አለ መርዕድ።

«ትናንት። ደኅና ነው። ወረቀቱ ተፈርሟል። ወንድሜን ሰላም በልልኝ ብሏል።»

መርዕድ ፈገግ አለ።

ፈገግታ ሥራው ነው። ከታች ግን የቦክሱ ጠርዝ መዳፉን እስኪያሰረጉደው ጨብጦታል።

«እግዜር ይስጥልን፣ አጎቴ።»

መጦሪያው በር ላይ ማትያስ ሞተሩን አላጠፋም። «አውጣትና እዚህ አምጣት። ቤተሰብ ታሟል በላት።»

መርዕድ ቦክሱን ታቅፎ ገባ። እንግዳ ተቀባይዋ ቀና ብላ አይታ በእጇ ወደ ውስጥ አመለከተችው። አንድ አዛውንት በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው «የኔም ቲቪ አይሠራም» አሉት። «እመለሳለሁ» አላቸው። በወጥ ቤቱ አለፈ። የቆሻሻ ማውጫውን በር ገፋ።

ነፋሱ ፊቱን መታው። አውቶቡስ ፌርማታ ላይ ቆሞ ነበር።

ሮጠ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ሮማነወርቅ በሳምንቱ ኦታዋ ቀረበች። የሺዋስን በሙሉ ስሙ ጠራችው። ማትያስን ቢሮው አስጠራው፤ ከዚያ በኋላ ካልጋሪ ውስጥ ያየው የለም።

መርዕድንም ያየው የለም።

በሰሜን በኩል፣ ነዳጅ ከሚወጣበት የዘይት አሸዋ አጠገብ ባለ ከተማ ለካምፕ ሠራተኞች ዲሽ የሚሰቅል ዝምተኛ ሰው አለ። ስሙን ሲጠይቁት የማያውቁትን ስም ይነግራቸዋል። ሐበሻ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። ከቀድሞ አለቆቹ ይልቅ የሚፈራው ሰላምታ ነው፤ «ወንድም፣ የት ቤተ ክርስቲያን ነው የምትሄደው?» የሚል ሰው።

ቦክሱ አብሮት ነው። አንድ ቀን ዲሽ ሰቅሎ ሰካው። ጥቁር ስክሪን ነበር የጠበቀው። ጋሼ አባይነህ አንድ ስልክ ቢደውሉ ይዘጋል፤ የሚገባውም ያ ነው።

ምስሉ መጣ።

በማግሥቱም መጣ። በሌላውም ወር። ቦክሱ አልፎ አልፎ «ከስልክ መስመር ጋር ያገናኙኝ» የሚል መልእክት ያወጣል፤ መርዕድ ቁልፉን ተጭኖ ያጠፋዋል። ምስሉ በመጣ ቁጥር ፊቱን ያቃጥለዋል። ምነው ቆርጠው በገላገሉኝ ይላል።

በመጨረሻ ራሱ ለኩባንያው ደወለ።

«ይህ ቦክስ የኔ አይደለም። ዝጉት» አለ፤ ቁጥሩንም ነገራት።

ሠራተኛዋ ቁጥሩን መዝገቡ ላይ ፈለገች። «ጌታዬ፣ ስህተት ያለ ይመስለኛል። መስመር ላይ ስላልነበረ የአካውንቱን ባለቤት ባለፈው ሳምንት ጠይቀናቸዋል።»

«ምን አሉ?»

«እቤቴ ነው ያለው አሉ።»

መርዕድ ስልኩን ዘጋ። ሁለተኛ ውሸት ከአፌ አይወጣም ብለው ነበር፤ በጆሮው ሰምቷቸዋል። ከቴሌቪዥኑ ፊት መሬት ላይ ቁጭ አለ፤ ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ፤ ያኔ ያልተፈቀደለት የመሰለው ልቅሶ መጣ።