የሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት

አቶ ውባየሁ ሐሙስ ለቡአቸው ኦፕራሲዮን ሆነው በዚያው ቀን ቤታቸው ገቡ፤ በአምስተኛው ቀን ሞቱ። ቁስሉ መግሎ ደማቸውን መርዞት ነበር። ዘመድ አዝማድ ኦፕራሲዮን የሆኑባትን ትንሽ የቀዶ ጥገና ክሊኒክ በር ዘግቶ ተቀመጠ፤ «ገዳዩ ሳይታወቅ የሚወጣ የለም!»

ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው፦ የክሊኒኩ ባለቤት ዶክተር ታዲዮስ፣ ነርሷ እስከዳርና የኦፕራሲዮን ዕቃ በእንፋሎት ማሽን የምትቀቅለው አልጣሽ። አይ አልጣሽ! የማሽኑ መዝገብ ላይ የሐሙሱ ፊርማ በእሷ ስም ነው። «እኔ አልፈረምኩም» ብትል ማን ይስማት? ሁለት ቀን ሙሉ በመስኮቱ ብረት በኩል «ነፍሰ ገዳይ!» ሲሏት፣ ግድግዳው እየጠበበ የሚመጣባት መሰላት።

ኢንስፔክተር ሸዋረጋ መጥታ ፊት ለፊቷ ተቀመጠች።

«ሐሙስ ምን ሆነ?»

«ጠዋት መብራት አልነበረም። ለዶክተር ስነግራቸው ‹ቀጠሮውን እናዛውራለን፣ ሂጂ› አሉኝ። ሄድኩ።»

«ውሸት!» አለ ዶክተሩ። «መብራቱ የጠፋው እሷ ቀቅላ ከሄደች በኋላ ነው። ኦፕራሲዮኑ በአምስት ሰዓት ነበር።»

«እኔ በአራት ሰዓት ስገባ መብራት የለም» አለች እስከዳር። «ዕቃው ግን ተዘጋጅቶ ነበር። በመስኮት ብርሃን ሠራን።»

ሸዋረጋ መዝገቡን ስታገላብጥ ቆየች። «ዶክተር፣ ስልኬ ተዘግቷል። ስንት ሰዓት ሆነ?»

የእጅ ሰዓቱን አየ። «ዐሥር... ኧረ አራት ሰዓት።»

የሟቹን ወንድም አቶ አባይነህን ከደጅ አስጠራችና ከሦስቱ ጋር አስቀመጠቻቸው።

«እርስዎ ሐሙስ ጠዋት የት ነበሩ?»

«ወንድሜን እዚህ አድርሼ ወፍጮ ቤት ወረድኩ። መብራት ከማለዳ ጠፍቶ ወፍጮው ቆሟል፤ ገብሴን ሳላስፈጭ ተመለስኩ።»

«እንግዲያው ማሽኑም አልሠራም፤ መዝገቡ ዋሽቷል። ማን አስዋሸው? አልጣሽ የጻፈችው ሁሉ ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ተኩል፣ ሦስት ሰዓት ነው። እስከዳርም የመድኃኒት ወረቀቷን የምትሞላው በሀበሻ ሰዓት ነው። የሐሙሱ ብቻ ዘጠኝ ሰዓት ይላል። በአምስት ሰዓት ኦፕራሲዮን የሆነ ሰው ዕቃው በዘጠኝ ሰዓት ይቀቀላል? ጸሐፊው ጠዋት ሦስት ሰዓት ማለቱ ነበር፤ እጁ ላይ ያለው ሰዓት ግን የፈረንጅ ነው። እዚህ ቤት እንዲህ የሚቆጥር አንድ ሰው ነው።»

ሁሉም ወደ ዶክተሩ ዞሩ። የእጅ ሰዓቱን በእጅጌው ሸፈነ።

«ዕቃውን በድስት ቀቅዬዋለሁ! ከጓሳ ተራራ ማዶ በበቅሎ የመጡ ሽማግሌ እንዴት ልመልሳቸው?»

«ቢመልሷቸውማ ኖሮ» አለች ሸዋረጋ፣ «ዛሬም ይመጡ ነበር።»

አቶ አባይነህ ባርኔጣቸውን አወለቁ። «ልጄ፣ ስምሽን ሳጠፋ ሰነበትኩ። ይቅር በይኝ። በሩ ተከፍቷል፤ ውጪ።»

አልጣሽ አልተነሳችም። የያዘችው እንባ አሁን መጣ።

«ያን ጠዋት ስወጣ ወንድምዎ አግዳሚው ላይ ነበሩ። ‹እንደምን አደርሽ ልጄ› አሉኝ። ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ብዬ አለፍኳቸው። ‹ዛሬ መብራት የለም፣ ይሂዱ› ብላቸው ምን ነበረበት!»

አቶ አባይነህ ባርኔጣቸውን እንደያዙ አጠገቧ ተቀመጡ።